ጀርባውን ገልጦ ያየ ሸማኔ

ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ። በር ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ ቦታ አለ። ዛሬ የማወጋችሁ ከቁስቋም ቁልቁል ስለወረድንበት መንገድና በመንገዱ መጨረሻ ስላየነው የሥዕል ትርኢት ነው። ወሬው እንደ መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና ብዘገይባችሁ ታገሡኝ።

ቁስቋምን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ እንጦጦ ወደ ከተማው ሲያዘነብል ከግርጌው ያለች ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ስሟን ያገኘችው እመቤታችን ልጇን አዝላ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከግብፁ የቁስቋም ተራራ ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ የጽጌ ጾም አልቆ ኅዳር 6 ሲደርስ በዓሏ የሚነግሠው። የመንከራተት ማብቂያ፣ የማረፊያ ስም ነው እንግዲህ። ሰፈሯ የሞላችውም ከሩቅ በመጣ፣ ማረፊያ በፈለገ ሰው ነው።

ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ይወርድና ጣሪያውን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ከዚያም ከጉሙ ውስጥ አስቀድሞ የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከጫካ የሚወርዱ ሴቶች ትንፋሽ ይሰማል፣ ከዚያም ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ስትልና የቤቱ በር ሁሉ ሲከፈት ሌላ ድምፅ ይጀምራል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ነው። ከቁስቋም እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ በየጓሮው፣ በየጭቃ ቤቱ ጥግ፣ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ዘርግቶ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ፣ ማጉን በድሩ መካከል አሳልፎ ወደ ራሱ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ነው። እኔ ያደግሁት በዚህ ድምፅ ነው። ሌላ ሰፈር ሄጄ ያደርሁ ጊዜ ጠዋት የጎደለብኝን ነገር ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ከሸማኔዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ስሙ ሲጠራ የሚያፍር ሰው ነበርና ሸማኔው እያልኩ ልቀጥል። የመጣው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ በላይ ካለው ብርዳም አገር ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እርሱም ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ገና ወተት ጥርሱን ሳይጨርስ፣ ዘመድ ነኝ ባለ ሰው እጅ ተይዞ ነው። በመንገድ ላይ ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ተነገረው። የተቀመጠው ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግሩ ለመርገጫው አይደርስም ነበርና ከእግሩ ሥር እንጨት አስገቡለት። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኛል፤ ሲነግረኝም እጁ ሥራውን አላቆመም። በየዘመኑ ስንት ሕፃን እንደዚህ እየተባለ ከዚያ ደጋ ወርዶ ሽሮ ሜዳ ላይ ጀርባው ጎብጦ እንደቀረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የበዓል ልብሳችን ላይ ያለው ውበት ውስጥ የእነዚያ ሕፃናት ቀን አለበት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወሬዬ እውነት አይሆንም።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቡልኝ። በቋንቋችን በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚወርደውን ያንን ቀለም ያለው ጌጥ ምን እንለዋለን? ጥበብ እንለዋለን። ሰዓሊ በሸራ ላይ የሚሠራውን ምን እንለዋለን? እርሱንም ጥበብ እንለዋለን። ሰሎሞን ከእግዚአብሔር የለመነውም ያው ጥበብ ነው። አባቶቻችን ለሦስቱ አንድ ቃል ሲሰጡ ቃል አጥሮአቸው አይመስለኝም። ቃሉን ግን ለሦስቱ ሰጥተው ክብሩን አላካፈሉም። ሰሎሞንን ጠቢብ አሉት፣ በእጁ የሚሠራውን ደግሞ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እያሉ ስሙን ስድብ አደረጉበት፣ በአንድ ማዕድ አልቀረብ አሉት፣ ልጃቸውን አልሰጥም አሉት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አለፈው። ሸማኔው ግን በልጅነቱ በሰፈራችን ውኃ ቀድቶ ሲመለስ የተጠራበትን ስም እስከ እርጅናው አልረሳውም ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ ልመልሳችሁ።

ከቁስቋም ሲወርዱ አንደኛው መንገድ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወስዳል፣ ሌላው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። በፈረንሳይ ኤምባሲ አቅራቢያ አንድ መናፈሻ ነበረ፣ ዛፉ ጥላ ያለው፣ ሰው ግን ብዙም የማይገባበት። በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ተሰባሰቡና ያንን መናፈሻ መንደራቸው አደረጉት። ስሙንም ነፃ አሉት፤ ነፃ የጥበብ መንደር። ከመሥራቾቹ አንዷ ሰዓሊና ገጣሚ ምሕረት ከበደ ናት፣ ኋላ በራስ ሆቴል ጦቢያ ግጥምን በጃዝ የተባለው መድረክ ሲጀመር ስሟን የሰማችሁት። ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ያላቸው ጉልበትና እርስ በርስ መተማመን ነበር፤ ከተማው የጣለውን ቆርቆሮና ጎማ፣ ሽቦና እንጨት እያነሡ ይሠሩ ነበርና መናፈሻው ውስጥ ሲሄዱ ዛፉ የት እንዳበቃና ሥራው የት እንደጀመረ ለመለየት ይቸግር ነበር።

የሰፈራችን ልጆች መጀመሪያ አገኙት። ልጆች መቼም አጥር አይከለክላቸውም። ቅዳሜ ይወርዱና ማታ ጣታቸው ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ይመለሱ ነበር፣ እናቶችም በሳሙናና በድንጋይ እያሹ ይቆጡ ነበር፣ ከዚያም የቁጣው ማግስት ግድግዳ ላይ በጭቃ ተለጥፎ የቤተሰቡ ሥዕል ይታያል። አባት ትልቅ ራስ፣ እናት ትልቅ እጅ። አንዲት እናት ሥዕሉን እያየች «እጄን እንዲህ ነው እንዴ የሚያየው?» ብላ ዝም ስትል አስታውሳለሁ።

እና አንድ ቅዳሜ፣ ጥቅምት ነበር፣ ብርዱ በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልለት፣ ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳህን የጠራ፣ ሸማኔው ሥራውን ትቶ ተነሣ። ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ በራችን ላይ ቆመና «ልጆቹ የሚሉትን ትርኢት እንየው» አለኝ። ከዚያ ወረድን። ቀስ ብለን ወረድን፣ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣልና። በየመንገዱ እየቆመ የተሰጣ ፈትል ይነካ ነበር፣ በር ላይ ባዘቶ ይዛ እንዝርቷን የምታሾር አሮጊት ሲያይ «እጅሽ ይባረክ» ይል ነበር፣ እርሷም አሜን ትል ነበር።

በሩ ላይ ደርሰን ሊመለስ አማረው። «ጫማዬ» አለ። ጫማው ጎማ ነበር። ከውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፣ ወጣቶች ቆመው ያወራሉ፣ ፈረንጆችም አሉ። ይህ የእኛ ቦታ አይደለም ብሎ ልቡ እንደተናገረ ከፊቱ አየሁት። ነገር ግን አንዲት ወጣት ከውስጥ አየችንና ሮጣ መጣች፣ እንደ ልጅ ወገቧን ሰብራ ሰላም አለችው፣ «አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ለእናንተ ነው የከፈትነው» ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። እኔ እንግዲህ የመንደሩን ሥራ ሁሉ ብዘረዝርላችሁም፣ ያንን እጅ መያዝ አስቀድሜ ነው የምነግራችሁ።

ገባንና እየዞርን አየን። ሸማኔው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄድ ነበር። ቆርቆሮው ጋ ብዙም አልቆመም፣ ሥዕሎቹም ጋ ጥቂት ጥቂት እየቆመ አለፈ። ከዚያ በሁለት ዛፎች መካከል በገመድ የተሰቀለ አንድ ሥራ ጋ ደረሰ። ሸራ ነው፣ በላዩ ላይ በቀለምም በክርም የተሠራበት፣ ክሩ እንደ ወንዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። እዚህ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያም እጁን ዘረጋ፣ የሸራውን ጠርዝ ያዘና ገልብጦ ጀርባውን ማየት ጀመረ።

እኔ ደነገጥሁ። በትርኢት ቦታ የሰው ሥራ አይነካም ሲባል ሰምቼ ነበርና የሚቆጣ ሰው መጣ ብዬ ዞር ዞር አልሁ። ያቺው ወጣት መጣች። ሥራው የእርሷ ኖሯል።

«አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለችው።

«ቋጠሮውን ነው ልጄ። ክሩን የት እንዳሰርሽው ላይ ብዬ ነው» አላት።

ሸማኔ ጥበብ ሲያይ እንዲህ ነው ወገኖቼ። ፊቱን ገበያተኛ ያያል፤ ባለሙያ ጀርባውን ያያል። ክሩ ከአበባ ወደ አበባ ሲሻገር ላልቶ ከሆነ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከርሮም ከሆነ ጨርቁን ያኮማትረዋል፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ልጅቷ አልተቆጣችም። ሄደችና ገመዱን ፈታች፣ ሥራውን ከነሸራው አውርዳ በሣሩ ላይ በፊቱ ዘረጋችው፣ ከዚያም ተቀመጠች፣ ሸማኔውም ከዘራውን አስደግፎ ተቀመጠ፣ ጣቱንም በክሩ ላይ እያስኬደ «ይህ ጥሩ ነው፤ ይህም ጥሩ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ተናደሽ ነበር» አላት። ልጅቷ አፏን ያዘች። እዚያ ቦታ ላይ ስትሠራ ምን ሆና እንደነበር እርሷ ናት የምታውቀው፤ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናት። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ድረስ ተቀምጠው አወሩ። ሰዎች እየመጡ ከኋላቸው ቆሙ። ከዚያ ቀን ትርኢት ሰው ከበብ ብሎ ያየው ያንን ነበር፤ የተዘረጋ ሸራ ጀርባና የአንድ ሸማኔ ጣት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ዳገቱን ወጥታ ቁስቋም መጣች። ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጣት። መወርወሪያውን መጣል አቃታት፣ ድሩን በጠሰችበት። እርሱ ምንም አላለም፣ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን አንድ በአንድ ቀጠለና «እንደገና» አላት። ለሳምንታት ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ ነበር። ስኳርና ቡና ይዛ ትመጣ ነበር፣ ባለቤቱም ጎመን በቆጮ ሠርታ ትጠብቃት ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ምን ፈልጋ ነው ይል ነበር፣ ኋላ ግን ማክሰኞ ካልመጣች ታማለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሆነ።

ያ የጥበብ መንደር ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰዓሊዎቹ መናፈሻውን ለቀው ተበተኑ። በልጆቹ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ግን ቆየ። እኔ ይህን ስናገር አሁንም ሆዴን ይከፋዋል፣ ለእኛ ለቁስቋም ሰዎች ቅርብ የሆነ፣ በጎማ ጫማ የሚገባበት የጥበብ ቦታ ያ ነበርና።

የሸማኔውን ባለቤት ነገር አነሣሁ መሰለኝ፤ እርሷን ሳልነግራችሁ ወደ ፊት መሄድ አልችልም። እርሷ በወጣትነቷ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ሌሊት ትነሣለች፣ ጫካ ትወጣለች፣ ጭራሮውንና ቅጠሉን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ የሚያልፍ ሸክም በጀርባዋ አድርጋ ጎንበስ ብላ ትወርዳለች፣ ጥበቃ ካየ ይነጥቃታል፣ ካላየም ዋጋው ያው የዕለት እንጀራ ነው። ያ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ ከተማዋን ከማገዶ ረሃብ አዳነ፣ ማገዶውን ግን በጀርባዋ ያወረደችው የእንጦጦ ሴት ናት። ኋላ ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የተሰበሰቡበት ማኅበር ተቋቋመና እርሷም ገባች፣ እዚያም ሸክሙን አውርዳ ሽመና ተማረች፣ የአንገት ልብስና ሻርፕ ትሠራ ጀመር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአገራቸው ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሴት ዕቃው ላይ አትቀመጥም። ሸማኔው መጀመሪያ አፈረ፣ ጓደኞቹም አሾፉበት። ከዚያ አንድ ማታ ድሩ ተበጥሶባት እያዘነች ስትመጣ አየና ተነሥቶ መብራት ለኮሰ፣ እንዴት እንደሚቀጠልም አሳያት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሁለት ሰው ነበር ቋ፣ ቋ የሚያሰኘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ። ሸክሙ ግን ከወገቧ አልወጣም፣ ከዕድሜዋ በፊት ጎብጣ ሞተች። ነፍሷን በገነት ያኑርልን።

እርሷ ከሞተች በኋላ ሸማኔው ከቤት መውጣት ተወ። ስለዚህ አንድ የክረምት መግቢያ ላይ፣ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲጀምር፣ እኔ ነኝ ሄጄ ያነሣሁት። በአምስት ኪሎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ዓመታዊ ትርኢት ተከፍቷል፣ እንሂድ አልሁት። በየዓመቱ ተመራቂዎቹ የመጨረሻ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ነው፣ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። «ዝናብ ነው» አለኝ። ዝናብ ነበር። ሰማዩ ከእንጦጦ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ጎርፉም በቦዩ እያጓራ ይወርድ ነበር። «ዣንጥላ አለኝ» አልሁት። ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ ጋቢውን አነሣ።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በእግር ወረድን። በሱቆቹ በር ላይ ቀሚሶቹ ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተሸፍነው ተሰቅለዋል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንዲሉ ገበያው ገና ሩቅ ነው፣ ክረምት ለሸማኔ የብድር ወቅት ነው። ከዚያ «ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» የሚል ታክሲ አገኘንና ገባን፣ መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኖ ነበርና ሸማኔው በእጁ ጀርባ ጠረገው፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አለፍን፣ ስድስት ኪሎም ደረስን። እዚያ ወርደን በእግር ሄድን። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ፊት ሲደርስ ዝናቡ እየወረደበት ባርኔጣውን አወለቀ፣ በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ሰዎች አየ፣ ከዚያ መልሶ አደረገ። ምንም አልተነጋገርንም። በ1929 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የሆነውን ለማስታወስ ቃል አያስፈልግም ነበር።

እዚያው ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ተምሮ መጥቶ፣ ሥዕል ሥሎ፣ ግጥምም ጽፎ፣ በ1973 ዓ.ም. በሰው አገር በአሜሪካ ያረፈ ነው። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያ ቤት ነው የተሰቀሉት። ይህን ስነግረው ሸማኔው «ሥራው ከእርሱ በፊት ገባ በለኛ» አለኝ። ዕለቱን ሙሉ ይህ ቃሉ በጆሮዬ ነበር።

ወደ አምስት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ አወጋሁት፣ ለእናንተም ላውጋችሁ። አለ ፈለገ ሰላም የሰላሌ ልጅ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤት የወጣ። አሜሪካ ቺካጎ ተልኮ ሥዕል ተማረና በ1946 ዓ.ም. ገደማ ተመለሰ። ተመልሶም ለራሱ ስም መሥራት ሲችል ልጆች ሰበሰበ። ትምህርት ቤት ሳይኖረው አስተማሪ ሆነ። ከዚያ የልጆቹን ሥራ ሰቅሎ ለሰው አሳየ፣ ያዩትም አመኑለት፣ እንዲያ እንዲያ እያለ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርት ቤቱ ቆመ። ልብ በሉልኝ፤ ትርኢቱ ቀደመ፣ ቤቱ ተከተለ። እስክንድር ቦጎሲያንም ገብረ ክርስቶስም በዚያ ቤት አስተምረዋል። አለ እስከ አብዮቱ ዘመን መራው፣ ኋላም ቤቱ በስሙ ተጠራ፣ እርሱ በ2008 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህም በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች እዚያ ግድግዳ ላይ ሥራቸውን ይሰቅላሉ።

ገባን። ውስጡ በሰው ትንፋሽና በዘይት ቀለም ሽታ ሞቅ ብሎ ነበር። ወላጆች ነበሩ፣ ከገጠር የመጡ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ የልጃቸው ሥዕል ፊት ቆመው ሰው ምን እንደሚል የሚሰሙ። ተመራቂዎቹ ራሳቸው ጥግ ይዘው ሥዕሉን ሳይሆን የተመልካቹን ዓይን ያያሉ። ሸማኔው ይህንን ወዲያው ለየው። «ያ ልጅ የዚህ ባለቤት ነው፤ አየኸው፣ ገበያ የቆመ ሸማኔ ነው የሚመስለው» አለኝ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቀረ። እንጨት ተሸካሚ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ትወርዳለች፣ ከኋላዋ ጫካው፣ ከፊቷ ጉም። ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። እኔ ልወስደው ክንዱን ያዝሁት፣ አልንቀሳቀስም አለ። ጥጉን የያዘው ልጅ አየውና ቀስ ብሎ መጣ።

«እንዴት አዩት አባባ?»

ሸማኔው ወዲያው አልመለሰም። ከዚያ ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ጋቢውንም ከትከሻው አውርዶ ሰጠኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጎንበስ አለ፣ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመጣና ገመድ እንደያዘ ጨበጠ። «ገመዱ እዚህ ነው የሚይዛት ልጄ፤ አንተ አንገቷ ላይ አደረግህባት። አንገቷ ላይ ከሆነ ከሽሮ ሜዳ አትደርስም። እዚህ ነው። ጣቷም እንዲህ ገመዱ ሥር ይገባል፣ እንዳይቆርጣት።» አዳራሹ ዝም አለ። ልጁ ከኪሱ እርሳስ አወጣና በእጁ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ የሽማግሌውን እጅ መንደፍ ጀመረ፣ ሸማኔውም እስኪጨርስ ድረስ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ እንደ ጎነበሰ ቆየለት።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዳገቱን በታክሲ ወጣን፣ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሻይ ጠጣን። ስለ ሥዕሉ አላወራንም። ማታ ግን ከቤቱ የመወርወሪያውን ድምፅ ሰማሁ፣ ባለቤቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ በማታ ያልሰማሁትን።

ከዚያ ነሐሴ አለፈ፣ ዘመን ተለወጠ፣ መስቀልም አለፈ፣ የጽጌ ጾም ገባ፣ በየሌሊቱ ማኅሌቱ ተቆመ፣ ኅዳር 6 ደረሰ። የቁስቋም በዓል ነው። ከንጋት ጀምሮ ሰው ከሽሮ ሜዳም ከፈረንሳይም እየወጣ መንገዱን ሞላው። ብርድ ነበር፣ ፀሐይዋ ግን ከየካ በኩል ስትወጣ ነጩ ልብስ ሁሉ አበራ። ታቦቷ ወጣች፣ ካህናቱ አሸበሸቡ፣ ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ከእንጦጦ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

ሸማኔው በመንገዱ ዳር ከእኔ አጠገብ ነበር። ታቦቷ ስታልፍ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እርሱም ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ሰገደ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ከምድር ብዙም አልራቀም። የሚያልፉትን ሴቶች የቀሚስ ጫፍ ነበር የሚያየው፤ አንዱን ጥበብ ከሌላው፣ አረንጓዴውን ከወርቁ እየለየ። ከዚያ ክንዴን ነካ አደረገኝና በአገጩ ጠቆመኝ። አንዲት ልጃገረድ ሻማ ይዛ በፊታችን ታልፍ ነበር። በቀሚሷ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ሰማያዊ ጥበብ ወርዷል፣ ከሰማያዊውም መካከል ቀጭን ቀይ ክር አለ፣ ተጠጋግቶ፣ ተጠላልፎ፣ ጣት ገመድ ሥር እንደ ገባ።

ልጅቷ ሳታየን አለፈች። ሸማኔው እስክትርቅ ተከትሎ አያትና ባርኔጣውን ከጭንቅላቱ ላይ አስተካከለ።